ማሰር ያቃተኝ ጫማ

የቀኝ እግር ጫማዬ ማሰሪያ ነበር። ቡናማ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተልጣለች። ሎቡቼ በሚባል ቦታ፣ 4,940 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የእንግዳ ማረፊያው ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ላስረው እሞክራለሁ። አንዱን ጫፍ ቀለበት አድርጌ እይዛለሁ። ሌላውን አዞርበታለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ይጠፋኛል። እንደገና ከመጀመሪያው። ሦስቴ ይሁን አራቴ ሞከርኩ። አልተናደድኩም፣ አልፈራሁምም። ገርሞኝ እንኳ አልነበረም። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ያ አለመገረሜ ነው።

ወደ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ፣ ተራራ ወጪዎች ከሥሩ ድንኳን ወደሚተክሉበት ሰፈር፣ እየሄድኩ ነበር። ከዚያ ምድጃ እስከ ካምፑ የቀረኝ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አልደረስኩም።

አሁን እንደገና ልሄድ ነው። በመጪው ጥቅምት፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ላለፉት ሁለት ወራት ማታ ማታ የምሠራው ይህንኑ ጉዞ ማቀድ ነው። የሰሙ ሰዎች «ምን የሚታቀድ ነገር አለው? ትሄጃለሽ፣ ታይዋለሽ፣ ትመለሻለሽ» ይሉኛል። መጀመሪያ ስሄድ እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ግን ሌላ ነው የማምነው። ይህን ጉዞ ማቀድ ማለት፣ እላይ ስትደርሱ ልትወስኑት የማትችሉትን ነገር፣ ጭንቅላታችሁ በቂ አየር እያገኘ ባለበት ሰዓት አስቀድማችሁ መወሰን ነው። የቀረው ሻንጣ መሸከፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሎቡቼ ላይ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ገና አንድ እርምጃ ሳልራመድ ነው የተበላሸው።

በኔፓል በኩል ወደ ቤዝ ካምፑ የሚሄድ አብዛኛው ሰው በእግሩ መጓዝ የሚጀምረው ከሉክላ ነው። ሉክላ 2,860 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተራራ ጎን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ከተማ ናት። አውሮፕላን ማረፊያዋን እ.ኤ.አ. በ1964 ያሠራው ኤድመንድ ሂላሪ ነው። ዛሬ የእሱንና በ1953 አብሮት ኤቨረስት ጫፍ ላይ የቆመውን የቴንዚንግ ኖርጋይን ስም ይዟል። መንደርደሪያው 527 ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም ዘመም ያለ። በአንዱ ጫፍ ገደል፣ በሌላው ጫፍ የተራራ ግድግዳ። አብራሪው በዓይኑ እያየ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ደመና ካለ በረራ የለም። አለቀ።

ሰው በሚበዛበት ወቅት ደግሞ አብዛኞቹ በረራዎች የሚነሱት ከካትማንዱ አይደለም። ማንታሊ ከምትባል፣ በመኪና አራት አምስት ሰዓት ከምትርቅ ከተማ ነው። ለጠዋቱ በረራ ለመድረስ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ከካትማንዱ መውጣት ነው። ወጣን። ደረስን። ደመና ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ጠበቅን። ሰው ሻንጣው ላይ ተጋድሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። የሞተር ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ብድግ ይላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔ በዚያን ጊዜ አንድ ነገር እያደረግኩ ነበር። የጉዞውን ወረቀት አውጥቼ በእስክሪብቶ ቀን እቀንሳለሁ። የመመለሻ ትኬቴ ተቆርጧል። የዓመት ፈቃዴ የሚያልቅበት ቀን ተቆጥሯል። ለአየር ጠባይ ብዬ ያስቀመጥኩት ትርፍ ቀን የለም፤ አንድም። ስለዚህ የጠፉት ሁለት ቀናት ከሌላ ቦታ መምጣት አለባቸው። ወረቀቱ ላይ ሁለት «እረፍት» የሚሉ መስመሮች ነበሩ። አንዱ ናምቼ፣ አንዱ ፌሪቼ፤ ሁለቱም መንገዱ ላይ ያሉ ማደሪያዎች ናቸው። እጄ በቀጥታ ወደ እነሱ ሄደ። ለዓይኔ ባዶ ቀኖች ነበሩ።

መሪያችን ዝምተኛ ወጣት ነው። «ዲዲ» ይለኛል፤ በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ወረቀቱን አየና «ዲዲ፣ የናምቼውን እንኳ አይንኩብኝ» አለኝ። በናምቼው ተስማማሁ። የፌሪቼውን ሰረዝኩ። ሌላውን ቀን ከመመለሻው መንገድ ላይ ቀነስኩ። ሉክላ ላይ የጠፋውን ቀን ሎቡቼ ላይ ከፈልኩት ማለት ነው፤ ያኔ ግን ሒሳቡን በብልሃት የፈታሁ ነበር የመሰለኝ።

ሌላ የሚያኩራራኝ ነገርም ነበር። ደጋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ብርድና ዳገት ብርቄ አይደለም። ከፍታ የሚያመው ቆላ የለመደውን ሰው ነው ብዬ በሙሉ ልብ አምን ነበር። ከፍ ያለ ቦታ መኖር በእርግጥ መነሻው ላይ ያግዛል። ነገር ግን 2,000 ምናምን ሜትር የለመደ አካል ከ4,000 ሜትር በላይ ሲደርስ እንግዳ ነው። እንደማንኛውም ሰው እንደ አዲስ መላመድ አለበት። የሰውነት ጥንካሬም ከዚህ አያስጥልም። እንዲያውም ጉልበተኞቹ ቶሎ ስለሚወጡ ቶሎ ሊታመሙ ይችላሉ። ወንድሜ ረጅም ሩጫ የሚሮጥ ልጅ ነው። እሱን ይህን ማሳመን ከሁሉም ከብዶኛል።

እስኪ ነገሩን በደንብ ላስረዳ፤ ይህን ያስረዳኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያንን መስመር አልሰርዝም ነበርና። ላይ ኦክስጅን ያንሳል ሲባል አየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ ቀንሶ አይደለም። ድርሻው እታችም እላይም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ቤዝ ካምፑ ባለበት 5,364 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በግማሽ ይቀንሳል። አካል ሲጨንቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። ደሙ አሲድነቱ ይቀንሳል። ይህን ያየ አንጎል «ትንፋሽ በዛ» ብሎ ይይዘዋል። በተለይ ማታ ስንተኛ። ከፍታ ላይ አብሯችሁ የሚተኛ ሰው ትንፋሹ ቆም ይልና ድንገት በረጅሙ ሲስብ ትሰማላችሁ። መጀመሪያ የሰማ ሰው ይደነግጣል። ምክንያቱ ይኸው መጓተት ነው።

ይህን ሚዛን የሚያስተካክሉት ኩላሊቶች ናቸው። ቀስ ብለው፣ በቀናት ውስጥ፣ ባይካርቦኔት የሚባለውን አሲድ የሚያከሽፍ ነገር በሽንት እያስወገዱ ደሙን ወደ ልኩ ይመልሱታል። ያኔ አንጎል ፍሬኑን ይለቅቃል፤ ትንፋሹም እንደልብ ይሆናል። ይህ ሥራ አይቸኩልም። እናንተ ጀግና ብትሆኑ፣ ብትጸልዩ፣ ትኬታችሁ ነገ ቢሆን ጉዳዩ አይደለም። የእረፍት ቀን ለእግር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለኩላሊት ነው።

ለዚህ ነው ሐኪሞቹ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለፋችሁ የምትተኙበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር የሚሉት። በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው ማደር። ቀን ላይ ከፍ ብላችሁ ብትወጡና ወርዳችሁ ብትተኙ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይረዳል። የሚቆጠረው የምትተኙበት ነው። አሁን የኔን ጉዞ በዚህ መዝኑት። ከቴንግቦቼ፣ 3,860 ሜትር፣ ወደ ፌሪቼ፣ 4,300 ገደማ። ያለ እረፍት በማግስቱ ሎቡቼ፣ 4,940። በአንድ ሌሊት ከ600 ሜትር በላይ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ አጭር ቀን ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ።

ራሴን ያመመኝ ፌሪቼ ላይ ነበር። የተለየ ነገር አይደለም፤ ግንባሬ አካባቢ ጨምደድ የሚያደርግ ሕመም፣ ምግብ ማስጠላት። ፌሪቼ ውስጥ የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር ክሊኒክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች በጉዞ ወቅት ይሠሩበታል። ከሰዓት በኋላ ለመንገደኛው ሁሉ ስለ ከፍታ ሕመም ገለጻ ይሰጣሉ። መሪያችን «እንሂድና እንስማ» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። «አንተ ሂድ» ብዬው ተኛሁ። የራስ ምታቱን ነገር ትንፍሽ አላልኩም። ብናገር ቀን ይጨመራል፤ ቀን ደግሞ የለኝም። አንድ ቃል አውጥቼ እዚያው አንድ ሌሊት ብጨምር ምናልባት በሁለተኛው ቀን ተሽሎኝ እቀጥል ነበር። ቀላሉ የከፍታ ሕመም በእረፍት ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

በማግስቱ ወጣን። ሎቡቼ ስንደርስ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ቀረበልኝ። በዚያ መንገድ ላይ ለከፍታ ይረዳል ተብሎ በየቤቱ ይቀርባል። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ተውኩት። መሪያችን ከማዶ ሆኖ ያየኛል። ሾርባዬን አየ። ከዚያ ጫማዬን አየ።

«ዲዲ፣ ተነሱ እስኪ» አለኝ። የምግብ ክፍሉ ወለል የጣውላ ነው። በሁለት ጣውላ መሃል ያለውን መስመር አሳየኝ። «በዚህች መስመር ላይ ተረከዝዎን ከጣትዎ እያገናኙ ይሂዱልኝ።» ልጅ ሆነን የምንጫወተው ዓይነት። ተነሳሁ። አንድ እርምጃ። ሁለተኛው ላይ ወደ ጎን ወደቅኩ፤ ጠረጴዛ ይዤ ነው የዳንኩት። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «አሁን እንወርዳለን» አለ። «ነገ ጠዋት» አልኩት። «አሁን» አለ። ክርክር አልነበረም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ሲሆን ማረፍ ይቻላል። አካሄድ ሲበላሽና አእምሮ ሲምታታ ግን አንጎል ውስጥ እብጠት ጀምሯል ማለት ነው። ሳንባ ላይ ሲሆን ደግሞ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሳል ይመጣል፤ እየባሰ ሲሄድ አክታው ቀላ ያለ አረፋ ይሆናል። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ። የሁለቱም ዋና መድኃኒት ወዲያው መውረድ ነው። ኦክስጅንም ኪኒንም ረዳቶች ናቸው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወጣን። ጨለማ ነው፤ ግንባራችን ላይ ባትሪ አስረናል። መሪያችን በቀኝ፣ ተሸካሚያችን በግራ። እጆቼ ትከሻቸው ላይ ናቸው። ሻንጣዎቹ እዚያው ቀሩ። ከዚያ ሌሊት የማስታውሰው ብጥስጣሽ ነገር ነው፤ የድንጋይ ድምፅ፣ የወንዝ ጩኸት፣ «ቢስታሪ፣ ቢስታሪ» የሚል ድምፅ። ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው። ክሊኒኩ የደረስነው እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው። ኦክስጅንና ዴክሳሜታዞን የሚባል፣ የአንጎል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሰጡኝ። ጠዋት ስነቃ ራሴ ቀሎኛል። ቁጭ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ፤ አንድ ጊዜ፣ ሳላስበው። ከዚያ አለቀስኩ።

ስለዚያ ተሸካሚ መናገር አለብኝ። ሰባት ቀን ሙሉ ከፊቴ ሄዷል። ዶኮ የሚሉትን ቅርጫት በጀርባው፣ ናምሎ የሚሉትን ማንገቻ በግንባሩ አድርጎ ነው የሚሸከመው። እንደ ቲ ፊደል የተሠራች አጭር ከዘራ ይዟል። ማረፍ ሲፈልግ ቅርጫቱን አያወርድም፤ ከዘራዋን ከሥሩ ያቆምና ቆሞ ያስደግፈዋል። ከዚያች ከዘራ ላይ ሆኖ ሲተነፍስ ብዙ ጊዜ አይቼው አልፌያለሁ። የት እንደሚተኛ ጠይቄው አላውቅም። ቆላማ ሸለቆ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ እንደሆነ ያወቅኩት ስንመለስ ነው። ተሸካሚ ሁሉ ሸርፓ፣ ማለትም የዚያ ተራራማ አካባቢ ተወላጅ፣ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ብዙዎቹ ለሥራ ከታች የሚመጡ ናቸው። ከፍታው እንደኛው ያማቸዋል። በዚያ ሌሊት ትከሻው ላይ ስደገፍ ጃኬቱ ስስ እንደነበር እጄ ያስታውሳል።

ስለዚህ በዚህኛው እቅድ ለአስጎብኚ ድርጅቶቹ መጀመሪያ የምጽፍላቸው ጥያቄ የዋጋ አይደለም። ተሸካሚው ስንት ኪሎ ይሸከማል? ኢንሹራንስ አለው? ለብርዱ ልብስና ጫማ ማን ይሰጠዋል? የት ያድራል? ቢታመም ማን ይዞት ይወርዳል? የተለመደው አሠራር አንድ ተሸካሚ የሁለት መንገደኛ ሻንጣ ይይዛል። የኔና የወንድሜ ሻንጣ ተደምሮ 20 ኪሎ እንዳያልፍ ወስነናል። ወደ ሉክላ የሚበርሩት ትንንሽ አውሮፕላኖችም ቢሆኑ ለአንድ ሰው የሚፈቅዱት 15 ኪሎ ገደማ ነው። ከጻፍኩላቸው ውስጥ አንዱ ድርጅት ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መለሰልኝ። ሌሎቹ የዋጋ ዝርዝር ላኩ። ምርጫው እዚያው ላይ አለቀ።

ቀኖቹን ልንገራችሁ። ከሉክላ እስከ ቤዝ ካምፕ ደርሶ መልስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው በ12 ቀን ያደርገዋል፤ ስምንቱ ለመውጣት፣ አራቱ ለመውረድ። እኛ 14 አድርገነዋል። ናምቼ ላይ 3,440 ሜትር ሁለት ሌሊት። ዲንግቦቼ ላይ 4,410 ሜትር ሁለት ሌሊት። ዲንግቦቼና ሎቡቼ መካከል ያለውን መንገድ ለሁለት ሰብረን ቱክላ ላይ አንድ ሌሊት እናድራለን። ከዚያ ደግሞ አንድ ስም የሌለው ቀን አለ። የትም ልንጠቀምበት የምንችለው። ከነዚህ ሁሉ ውጭ ለሉክላው ደመና ብቻ ሦስት ቀን ለይተን አስቀምጠናል። እነዚህ ሦስቱ ከእግር ጉዞው ቀኖች ጋር አይነካኩም። ካልተጠቀምንባቸው ካትማንዱ ውስጥ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን። ለመጀመሪያው ጉዞዬ እነዚያን ሦስት ቀናት ማግኘት ካልቻልኩ፣ ትክክለኛው ውሳኔ ጉዞውን ለሌላ ዓመት ማስተላለፍ ነበር።

ወቅቱን መምረጥ ከባድ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። ክረምታቸው፣ ታኅሣሥና ጥር፣ ከባድ ብርድ ነው። የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጸደይና ከዝናቡ በኋላ ያለው መኸር። በጸደይ ቤዝ ካምፑ ጫፉን ለመውጣት በመጡ ሰዎች ድንኳን ይሞላል። በመኸር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሰማዩ ግን የጠራ ነው። የኛ ጥቅምት ልክ እዚያ ላይ ይወድቃል። ስለ ዘመን ካነሳን አይቀር፣ ኔፓሎችም የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። እኛ ከፈረንጁ ወደ ኋላ ነን፤ እነሱ ወደ 57 ዓመት ገደማ ወደ ፊት ናቸው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። «የኛም እንደዚሁ ነው» ብዬ ለመሪያችን ስነግረው እሱም ደስ አለው፤ መንገዱን ግማሽ ቀን ስለ ወሮች ስም እያወራን ሄድን።

ቪዛን በተመለከተ አንድ ነገር። ብዙ አገር ሰው ካትማንዱ ሲደርስ እዚያው ይከፍልና ቪዛ ይመታለታል፤ ለ30 ቀን 50 ዶላር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን መድረሻ ላይ ቪዛ ከማይሰጣቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው። አስቀድሞ ከኔፓል ኤምባሲ ማውጣት ያስፈልጋል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። መንገዱ የሚያልፍበት የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ለውጭ ሰው 3,000 የኔፓል ሩፒ ነው፤ ግብር ይጨመርበታል። የአካባቢው ወረዳ ደግሞ የራሱን ያስከፍላል። ጥሬ ገንዘብ ከናምቼ በፊት ያዙ።

ኢንሹራንሱን ስታዩ ሁለት ነገር ፈልጉ። እስከ 6,000 ሜትር የሚሸፍን መሆኑንና በሄሊኮፕተር ማንሳትን የሚጨምር መሆኑን። ብዙው ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ከዚያ በታች ይቆማል። ቢሆንም ሄሊኮፕተርን እቅድ አታድርጉት። በሌሊት አይመጣም። በደመና አይመጣም። እኔ የታመምኩት በሌሊት ነው። ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኔፓል መንግሥት ሳይቀር የመረመረው፣ ሄሊኮፕተር የማያስፈልገውን ሰው አስፈራርቶ አሳፍሮ ከኢንሹራንስ ገንዘብ የመቀበል ማጭበርበር ነበር። ይህን የሰማ ሰው መሪውን ይጠራጠራል። መሪው «እንውረድ» ሲለው ነገር ያለው ይመስለዋል። ለዚህ ነው የምታምኑትን ሰው እታች እያላችሁ ፈልጋችሁ ማግኘት ያለባችሁ። እላይ ሆኖ ማጣራት አይቻልም። እኔ ያንኑ የመጀመሪያውን መሪ ነው የጠየቅኩት። መጣሁ ብሎኛል።

አሴታዞላማይድ የሚባል ኪኒን አለ፤ ብዙው ሰው ዳያሞክስ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ያንን የኩላሊት ሥራ የሚያፋጥን ነው። ለመከላከል የሚታዘዘው መጠን ብዙ ጊዜ 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው። ሐኪም ማማከር ግድ ነው፤ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፣ ለስላሳ መጠጥ ጋዙ የወጣለት ይመስላል። እኔና ወንድሜ ሳንሄድ በፊት፣ ሐኪማችን ፈቅዶልን፣ ለሁለት ቀን ሞክረነዋል። ያን የጣት መንዘር መጀመሪያ ጊዜ እላይ ሆኖ ማወቅ ጭንቀት ነው።

ስለ ልምምዱ ብዙ አልልም። ሻንጣ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት፣ ከዚያም በላይ ደረጃ መውረድ። ጭን የሚያልቀው ሲወርዱ ነው። ቅዳሜ ረጅም መንገድ፣ እሑድ በደከመ እግር ሌላ ረጅም መንገድ። ጫማ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መገዛት አለበት። አዲስ ጫማ ይዞ ሉክላ የሚወርድ ሰው ሳይ እግሬን ያመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። እኔና ወንድሜ ወረቀት ተፈራርመናል። ሲጀመር እሱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ቤተሰብ አይደለን እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ቤተሰብ ስለሆንን ነው አልኩት። ለማያውቁት ሰው «አሞኛል» ማለት ይቀላል። ለወንድም ይከብዳል፤ ጉዞውን አበላሸሁበት የሚል ሐሳብ አለ። የጻፍነው ይህ ነው። ራሱን ያመመው ሰው በዚያው ሰዓት ይናገራል። ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ራስ ምታት ሁሉ የከፍታ ሕመም ነው። ያመመው ሰው ወደ ላይ ሄዶ አይተኛም። እየባሰበት ከሄደ በሌሊትም ቢሆን እንወርዳለን። በዚህ ጉዳይ የመሪው ቃል የመጨረሻ ነው።

የተጨቃጨቅነው በመጨረሻው መስመር ነው። አንዱ ከወረደ ሌላው አብሮ ይወርዳል የሚል ነበር። ወንድሜ አልፈርምም አለ። «አንቺ ብትታመሚ እኔ እንድደርስ አትፈልጊም?» አለኝ። እፈልጋለሁ። ከልቤ። ሦስት ቀን ተነጋገርንበት። በመጨረሻ የገባው የዚያን ሌሊት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነዝርዝሩ ስነግረው ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለቤተሰብ የነገርኩት «ትንሽ አሞኝ ተመለስኩ» የሚለውን ነበር። ጨለማውን፣ ሁለት ሰው ሲደግፈኝ፣ አንዱ ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠየቀኝ። አንድ ነገር ጨመረበት። እታች የወረደው ሰው ከዳነና የሚጠብቀው ካገኘ፣ ቀንም ከተረፈ፣ ጤነኛው ከመሪው ጋር ተመልሶ መሞከር ይችላል። ያ ስም የሌለው ቀን የተጨመረው ያኔ ነው።

ለምን ትመለሻለሽ የሚሉኝ አሉ። እውነቱን ለመናገር ቤዝ ካምፑ ራሱ ድንጋይና በረዶ ነው። የኤቨረስት ጫፍ ከዚያ እንኳ አይታይም። እሱን ለማየት ካላ ፓታር የምትባለውን ከ5,500 ሜትር በላይ ያለች ኮረብታ መውጣት ያስፈልጋል። እኔ የምመለሰው ግን ለሁለቱም አይደለም።

ስልኬ ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። ከቱክላ ዳገት በላይ፣ ወደ ሎቡቼ በሚወስደው መንገድ፣ ተራራው ላይ ለሞቱ ሰዎች የተሠሩ የድንጋይ መታሰቢያዎች አሉ። ብዙ ናቸው። ከድንጋይ ድንጋይ የተወጠሩ ባለ ቀለም የጸሎት ጨርቆች ይውለበለባሉ። ስማቸው የተቀረጸላቸው ሸርፓዎች አሉ፤ ከሩቅ አገር የመጡም አሉ። ፎቶው ጥርት ያለ ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሳነሳው ግን አላስታውስም። እዚያ ቆሜያለሁ፤ ስማቸውን ምናልባት አንብቤያለሁ፤ ምንም የለም። ሌሊት ስንወርድም በመካከላቸው ነው ያለፍነው፤ ያንንም አላስታውስም። ሁለት ጊዜ አልፌባቸው አንድም ጊዜ አላየኋቸውም። ቱክላ ላይ አድረን፣ ጠዋት ቀስ ብለን ወጥተን፣ እዚያ ቁጭ ብዬ ላያቸው እፈልጋለሁ። በሙሉ አእምሮዬ። ከዚያ በላይ መድረስ ከቻልኩ ደስ ይለኛል።

ቤታችን ኮሪደሩ ላይ ረጅም የሴራሚክ መስመር አለ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ በሱ ላይ እንሄዳለን፤ ተረከዝ ከጣት፣ አሥር እርምጃ። እታች ጤነኛ ሆነን እንዴት እንደምንሄድ ካላወቅን እላይ ምን እንደተበላሸ አናውቅም ብዬ ነው ያስጀመርኩት። ትናንት ወንድሜ ከሥራ ደክሞት ገብቶ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ትንሽ ዘመመ። ደብተሩ ላይ «6፤ ደክሞታል» ብዬ ጻፍኩ። አይቶ «ይሄንንም ትጽፊዋለሽ?» አለኝ። ከዚያ ተመልሶ መስመሩ ጫፍ ላይ ቆመና እንደገና ጀመረ።